የሕፃናት የሽንት ጨርቅና የዕጥበቱ ታሪክ



ታሪክ ሲባል ብዙውን ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው የነገሥታት ዘውድ፣ የጦር ሜዳና የውል ወረቀት ነው። ይሁን እንጂ ዘውድ ከመጫኑ በፊት ንጉሡም፣ ሰይፍ ከመታጠቁ በፊት ጀግናውም፣ ውል ከመፈረሙ በፊት መልእክተኛውም በእናቱ ጭን ላይ የተጋደመ ሕፃን ነበረ፤ ከሥሩም አንድ ሰው የሚለውጥለትና የሚያጥብለት ነገር ነበረ። ጉዳዩ በጨዋ ሰው ማዕድ ላይ የሚነሣ አይደለምና የታሪክ ጸሐፊዎች ቢዘሉት አይፈረድባቸውም። እኛ ግን ዛሬ ይህንኑ የተዘለለውን ነገር፣ ማለት የሕፃናትን የሽንት ጨርቅ፣ ከጥንት ጀምሮ በአጭሩ ልንከተለው አስበናል። ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤትዎ ሲመለሱ በግቢው ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሲወዛወዝ አይተውት ያለፉት ይሆናል።

ስለዚህ ጨርቅ የሚነጋገር ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ከምን እንደ ተሠራ ነው። ታሪኩ ሲመረመር ግን ከጨርቁ ይልቅ ዕጥበቱ ይበልጣል። ጨርቁ በተለወጠ ቁጥር የተለወጠው ማን እንደሚያጥበውና በምን ውኃ እንደሚታጠብ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።)

በጥንቱ ዓለም ሕፃን የሚጠቀለለው ሽንቱን ለመቀበል ብቻ አልነበረም። የኤፌሶን ተወላጅ የሆነውና በሁለተኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ በሮም ከተማ ሐኪም የነበረው ሶራኖስ ስለ ሴቶችና ስለ ሕፃናት በጻፈው መጽሐፍ የጥቅልሉን አሠራር በዝርዝር አስተምሮአል። ጥቅልሉ ለስላሳ፣ ንጹሕና ብዙ ያላረጀ የሱፍ መቀነት እንዲሆን ይመክራል፤ አንዳንዱ ሦስት ጣት፣ አንዳንዱ አራት ጣት የሚሰፋ። መላ አካሉ ተጠቅልሎ እጅና እግሩ ቀጥ እንዲሉ ይደረጋል። ይህነን ጥቅልል አንዳንዶች በ40ኛው ቀን፣ ብዙዎቹ በ60ኛው ቀን እንደሚፈቱትም ጽፎአል። እንግዲህ የዚያ ዘመን ሰው አሳብ ሕፃኑ እንደ ለጋ ቡቃያ ካልታሰረ ይጣመማል የሚል ነበረ ማለት ነው።

ይህ ልማድ በአውሮፓ ከአንድ ሺሕ አምስት መቶ ዓመት በላይ ጸንቶ ቆየ። በኢጣልያ አገር በፍሎሬንስ ከተማ በ1445 የተከፈተ ወላጅ ላጡና ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ የሚሆን ታላቅ ቤት አለ። በዚህ ቤት ፊት ለፊት፣ ከዓምዶቹ በላይ፣ አንድሬአ ዴላ ሮቢያ የተባለው ባለ ሙያ በ1487 ገደማ በሰማያዊ መደብ ላይ ከሸክላ የሠራቸው ነጫጭ ሕፃናት ይታያሉ። ከደረታቸው እስከ እግራቸው በመቀነት ተጠቅልለዋል። ሥራው እጅግ ያማረ ነው። ነገር ግን ልጅ ያሳደገ ሰው ሲያየው ከማድነቁ ጋር አንድ ጥያቄ ሳይመጣበት አይቀርም፤ ይህን ሁሉ መቀነት ፈትቶ፣ ሕፃኑን አጥቦ፣ መልሶ ለመጠቅለል ስንት ሰዓት ይፈጃል? አንዲት ሞግዚት ብዙ ሕፃናት በምትጠብቅበት ቤት ደግሞ በቀን ስንት ጊዜ ይፈታል? ሥራው አድካሚ በመሆኑ ሕፃናቱ በእርጥበት ውስጥ ለረጅም ሰዓት ይቆዩ ነበር፤ ቆዳቸውም ይላጥ ነበር።

ይህነን ልማድ በብርቱ ከነቀፉት አንዱ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ካዶጋን ነው። በ1748 በለንደን ለነበረው የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ አስተዳዳሪዎች በጻፈው ደብዳቤ ሕፃን በመቀነት መታሰሩ ጉዳት እንጂ ጥቅም እንደሌለው፣ ቀላልና ልል ልብስ እንደሚበቃው አስረዳ። ከ14 ዓመት በኋላ ዣን ዣክ ሩሶ «ኤሚል» በተባለው መጽሐፉ ያንኑ አሳብ አንሥቶ በመላው አውሮፓ አሰማው። ሩሶ የገዛ ልጆቹን አምስቱንም ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ የሰጠ ሰው መሆኑን ራሱ ጽፎአልና ስለ ሕፃናት አያያዝ ለዓለም አስተማሪ መሆኑ ሊያስገርመን ይችላል። ያም ሆነ ይህ መቀነቱ ቀስ በቀስ ተፈታ። መቀነቱ ሲፈታም ከወገብ በታች ያለው ቁራጭ ጨርቅ ለብቻው ቀረ። ዛሬ የሽንት ጨርቅ የምንለው በዚህ አኳኋን ተለይቶ የወጣ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ገታ ብለን ጨርቅ ያልነበራቸውን ወይም ያልፈለጉትን ሕዝቦች ማስታወስ ተገቢ ነው። በሰሜን አሜሪካ የቀድሞ ነዋሪዎች ዘንድ እናቶች በረግረግ ቦታ የሚበቅለውንና ውኃ እንደ ስፖንጅ የሚመጠውን የድንጋይ ሽበት መሰል ተክል አድርቀው በሕፃኑ መታዘያ ውስጥ ይጐዘጕዙ ነበር፤ ሲረጥብ ይጣላል፣ አዲስ ይገባል፣ ዕጥበት የሚባል የለም። በመካከለኛው እስያ ሕፃኑ የሚተኛበት የእንጨት አልጋ መካከሉ ቀዳዳ አለው፤ በዚያም ከእንጨት በተሠራ ቧንቧ ሽንቱ ወደ ሥሩ ዕቃ ይወርዳል። በኬንያ ጠረፍ ስለሚኖሩት የዲጎ ሕዝቦች በ1977 በሕክምና መጽሔት የታተመው ጥናት ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ያስደንቃል። የዲጎ እናቶች ልጁን ከተወለደ ከጥቂት ሳምንት ጀምረው በመቀመጥና በድምፅ ምልክት እያለማመዱ በ5 ወይም በ6 ወሩ ቀንም ሌትም ሳይረጥብ እንዲያድር ያደርጉታል። የአውሮፓና የአሜሪካ ሐኪሞች ይህ ከሁለት ዓመት በፊት ሊሆን አይችልም ብለው ያስተምሩ በነበረበት ዘመን ነው ይህ የተጻፈው። በእኛም አገር ልጅ በአንቀልባ የምታዝል እናት ሕፃኑ ሊሸና ሲል ከጀርባዋ ላይ መቁነጥነጡን ዐውቃ ፈጥና የምታወርደው በመጽሐፍ ተምራ አይደለም። እንዲህ ያለው ዘዴ ግን ልጁን ቀኑን ሙሉ ከእናቱ ወይም ከአንድ ዘመድ አካል ሳይለይ መያዝን ይጠይቃል። እናት ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ ቢሮ በሄደች ጊዜ ጨርቁ የግድ ሆነ።

ወደ ጨርቁ እንመለስ። አሜሪካኖች ዳይፐር የሚሉት ቃል አስቀድሞ የሕፃን ዕቃ ስም አልነበረም። በላዩ ላይ ትናንሽ የአልማዝ ቅርጽ የተሸመነበት የከበረ የተልባ እግር ጨርቅ ስም ነበረ፤ ባለጠጎች የገበታ ልብስና የእጅ ፎጣ ያደርጉት ነበር። ሲያረጅ ወደ ሕፃኑ ተላለፈና ስሙ እዚያው ቀረ። በእኛም ቤት ያረጀ ነጠላ ተቀዶ ለሕፃን እንደሚሆን አንባቢ ያውቃል፤ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥጥ ይለሰልሳልና ይህ ድኽነት ብቻ ሳይሆን ማስተዋልም ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት የጥጥ ፋብሪካዎች ሲበዙ ጨርቅ ረከሰ። በ1849 ደግሞ በኒው ዮርክ ዋልተር ሃንት የሚባል ሰው ጫፉ የሚሸፈን መርፌ ቁልፍ ፈለሰፈ። ሃንት 15 ዶላር ዕዳ ነበረበት፤ የፈጠራ መብቱንም በ400 ዶላር ሸጦ ዕዳውን ከፈለ። ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ በተሸጡት መርፌ ቁልፎች ብዛት ሌሎች ሲበለጽጉ እርሱ ከዚያ 400 ዶላር በቀር ያገኘው አልነበረም። በሁለት ዓመት ልዩነት በ1851 በለንደን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን የክሪስቲ ኩባንያ በመኪና የተሸመነ ቀለበት ቀለበት ያለው ፎጣ አቀረበ፤ የዚህ ፎጣ አሠራር ከቱርክ አገር የተወሰደ ነበር። ውኃ የመምጠጥ ኀይሉ ብርቱ በመሆኑ በኋላ በእንግሊዝ አገር የሕፃን ጨርቅ ማለት ይኸው ፎጣ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አራስ ልጅ በቀን 10 ጨርቅ ያህል ቢለውጥ በዓመት 3,650 ይሆናል። በቤቱ ሦስት ደርዘን ጨርቅ ቢኖር እያንዳንዱ በዓመት 100 ጊዜ ያህል ይታጠባል ማለት ነው። ይህ ሁሉ በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ ከተሞች የሚሠራው እንዴት ነበር? ውኃው ከግቢ ወይም ከመንገድ ቧንቧ በባልዲ ይቀዳል፤ በከሰል እሳት ላይ በታላቅ ጋን ይፈላል፤ ጨርቁ በልብስ ሶዳና በሳሙና ይቀቀላል፤ በእንጨት ይማሰላል፤ ይታሻል፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል፤ ይጨመቃል። በክረምትና በዝናብ ወራት የሚሰጠው በማእድ ቤት ውስጥ ስለ ሆነ ቤቱ በእንፋሎትና በሽታ ይሞላ ነበር። በዚህም ምክንያት ብዙ ድኾች ቤቶች በሽንት ብቻ የረጠበውን ጨርቅ ሳያጥቡ በእሳት ዳር አድርቀው መልሰው ያለብሱት ነበር። ስንፍና ብለን ለመፍረድ አንቸኩል፤ ውኃውን በትከሻው የተሸከመ ሰው ይፍረድ።

ሳይታጠብ የደረቀው ጨርቅ የሚያደርሰው ጉዳት ከምን እንደሚመጣ የታወቀው እጅግ ዘግይቶ ነው። የሕፃን መቀመጫ ለምን ይቀላል፣ ለምንስ ይላጣል? ቀድሞ በጥርስ ማብቀል፣ በእናት ወተት መበላሸትና በሌላም ይመካኝ ነበር። በ1921 ኩክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በጨርቁ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ የተባለ ነገር አፍርሰው አሞኒያ እንደሚያወጡ አሳየ። ጧት የሕፃኑ ልብስ ሲፈታ ዐይን የሚቈጠቍጠው ሽታ ይኸው አሞኒያ ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርምር አሳቡን አሻሽሎታል፤ አሞኒያው ብቻውን ቆዳውን አይበላም፤ ነገር ግን በሰገራ ውስጥ ያሉትን ምግብ የሚፈጩ ነገሮች ኀይል ያነቃቃቸዋል፣ እነዚህም በእርጥበት የለሰለሰውን ቆዳ ይጐዱታል። ስለዚህ ሁለቱ ሳይደባለቁ ቶሎ መለወጥ፣ ጨርቁንም በሚገባ መለቅለቅ ያስፈልጋል። የጨርቁ መፍላትም ጥቅሙ ለነጭነቱ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል፤ ባክቴሪያውን ይገድላልና።

በዚህ ነጥብ ላይ የአገራችንን ጉዳይ ማንሣት ግድ ይሆናል። በብዙ ሥፍራ ልብስ የሚታጠበው በወንዝ ዳር ነው፤ ሳሙና ከመስፋፋቱ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ሴቶች የእንዶድን ፍሬ ቀጥቅጠው አረፋውን እንደ ሳሙና ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲመራመሩ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች መኖራቸውን አስተዋሉ። የቢልሃርዝያ ትል የሚራባው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ስለ ሆነ ይህ ማስተዋል ታላቅ ነገር ሆነ፤ ከብዙ ዓመት ድካም በኋላም በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ይህነን እዚህ የምናነሣው ስለ ዝናቸው ብቻ አይደለም። የዚህ በሽታ እንቍላል ወደ ውኃ የሚገባው በሰው ሽንትና ሰገራ ነው። የሕፃን ሰገራ ንጹሕ ነው፣ አይጐዳም የሚለው ልማዳዊ አነጋገር ሐሰት ነው፤ የተቅማጥ በሽታ የሚያመጡትን ተሕዋስያን እንደ ትልቅ ሰው ሰገራ ይይዛል። እንግዲህ የቆሸሸ ጨርቅ በወንዝ ሲታጠብ ከታች የሚቀዳው ሰው የሚጠጣው ምን እንደ ሆነ ማሰብ ይገባል። ሰገራው አስቀድሞ ወደ መጸዳጃ ጕድጓድ ተራግፎ፣ ጨርቁም በሳፋ ውስጥ ታጥቦ፣ ዕጣቢው ከወንዙ ርቆ ቢደፋ ይህ ጉዳት በእጅጉ ይቀንሳል።

ወደ ውጭው ዓለም ስንመለስ፣ በ1930ዎቹ ዓመቶች በአሜሪካ ከተሞች የቆሸሸውን ጨርቅ በመኪና ከየቤቱ ሰብስበው፣ አፍልተውና አጥበው የሚመልሱ ድርጅቶች ተቋቋሙ። ለከፋይ ቤተ ሰቦች ዕጥበቱ ከእናት እጅ ወጥቶ ወደ ደመወዝተኛ እጅ ተሸጋገረ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ጥጥ ጠፋ። በስዊድን አገር ፓውሊስትሬም የተባለው የወረቀት ፋብሪካ በ1942 ከእንጨት ጭረት የተዘጋጀ ተጥሎ የሚቀር መምጠጫ አወጣ።

በእንግሊዝ አገር ቫለሪ ሀንተር ጎርደን የተባለች የወታደር ባለቤት በ1947 ሦስተኛ ልጇን ስትወልድ ማጠቡ ሰልችቶአት ከፓራሹት ጨርቅ ሱሪ ሰፍታ በውስጡ የሚጣል መምጠጫ አደረገችበት። ያዩዋት ጓደኞችዋ ሁሉ ስፊልን ስላሉአት በማእድ ቤትዋ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ሠራች፤ በ1949ም የቼስተርፊልድ ከተማ የሮቢንሰን ኩባንያ ሥራውን ተቀበላት። በአሜሪካ ደግሞ ማርዮን ዶኖቫን በ1946 የገላ መታጠቢያ ቤትዋን መጋረጃ ቀድዳ ከጨርቁ ላይ የሚለበስ ውኃ የማያሳልፍ መሸፈኛ ሰፋች፤ በመርፌ ቁልፍ ፈንታም ተጭኖ የሚገጥም ቁልፍ አደረገችለት። ፋብሪካዎቹ ሁሉ አያስፈልግም ብለው መለሱአት። እርስዋ ግን በ1949 በኒው ዮርክ በሚገኝ ታላቅ ሱቅ አቅርባ አሸጠችው፤ በ1951 መብቱን በአንድ ሚሊዮን ዶላር ሸጠች። አያስፈልግም ያሉት ሰዎች ወንዶች እንደ ነበሩና ምናልባት አንድም ቀን ጨርቅ አጥበው እንደማያውቁ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። በ1961 ፕሮክተርና ጋምብል ኩባንያ ፓምፐርስን በፒዮሪያ ከተማ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 10 ሳንቲም ነበረ፤ ገዢ የበዛው ዋጋው ወደ 6 ሳንቲም ዝቅ ካለ በኋላ ነው። በ1980ዎቹ ዓመቶች ውኃ የሚመጥ ዱቄት ሲገባበት ቀጭንና ቀላል ሆነ፤ በአዲስ አበባም በየሱቁ የምናየው የዚያ ዘር ነው።

ይህ ከሆነ የጨርቁ ዘመን አለፈ ወይ? አላለፈም። የሚጣለው ዳይፐር በቆሻሻ መጣያ ውስጥ ለብዙ ዘመን ሳይበሰብስ ስለሚቈይ፣ ዋጋውም በየቀኑ ስለሚወጣ፣ በሠለጠኑት አገሮች ሳይቀር ወደ ጨርቅ የተመለሱ ብዙዎች ናቸው። የእንግሊዝ መንግሥት ሁለቱን አስመዝኖ በ2008 ባሳተመው ጥናት አንድ ሕፃን በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ በሚጣለው ቢያድግ 550 ኪሎግራም፣ በጨርቅ ቢያድግ 570 ኪሎግራም የሚያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር እንደሚወጣ አገኘ። እንደዚህ ከሆነ ጨርቅ ምን ጥቅም አለው ያሉ ብዙ ነበሩ። ነገር ግን በዚያው ጥናት ውስጥ ጨርቁ በኤሌክትሪክ ማድረቂያ ፈንታ በገመድ ላይ ተሰጥቶ ቢደርቅ፣ ማጠቢያው መኪና ሞልቶ ቢታጠብ፣ ጨርቁም ለሁለተኛው ልጅ ቢተላለፍ 40 ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ ተጽፎአል። ሁልጊዜ በኤሌክትሪክ ማድረቂያ ከደረቀ ግን በዚያው ልክ ይብሳል። በ2023 በተሻሻለው ጥናት የሚጣለው 457፣ ጨርቁ 345 ኪሎግራም ሆኖአል። ያው አንድ ዐይነት ጨርቅ በአንዱ ቤት ጠቃሚ፣ በሌላው ቤት ጐጂ የሚያደርገው አስተጣጠቡ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የእንግሊዝ ሊቃውንት በምርምር የደረሱበት የፀሐይ ማስጫ በእርስዎ ግቢ ከዱሮም የነበረ ነው። ሆኖም በከተማችን ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ሒሳቡ እንደ እንግሊዝ አገር አይደለም። 10 ጨርቅ ለማጠብና ሁለት ጊዜ ለመለቅለቅ የሚያስፈልገው ውኃ በጀሪካን ተቀድቶ የሚመጣ ከሆነ ተሸካሚው ማን ነው? በብዙ የሠራተኛ ቤት አጣቢዋ ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ናት፤ ከጧት ጀምራ እጅዋን በቀዝቃዛ ውኃና በበረኪና ውስጥ የምታውል፣ ደመወዝዋም ሲቈረጥ ይህ ሥራ ለብቻው ያልታሰበላት። ጨርቅ ከዳይፐር ይረክሳል ብለን ስንናገር በሒሳቡ ውስጥ የእርስዋን ድካም አስገብተን እንደ ሆነ እያንዳንዱ ቤት ይጠይቅ። ሁለት ደርዘን የነበረውን ጨርቅ ወደ ሦስት ደርዘን ማሳደግ፣ ለማፍያ አንድ ትልቅ ብረት ድስት ለይቶ መስጠት፣ ሌሊት ሌሊት ብቻ የሚጣለውን መጠቀም፣ ውኃ በሚመጣበት ቀን አባትየውም ጀሪካኑን መያዝ፣ ከደመወዝ ላይ ብዙ የሚያጐድሉ አይደሉም።

ስለ አስተጣጠቡ ለጠየቁን ጥቂት ቃል ጨምረን እንፈጽም። ሰገራው ይራገፍ፤ ጨርቁ በቀዝቃዛ ውኃ ይለቅለቅ፤ ሙቅ ውኃ አስቀድሞ ከነካው ምልክቱ አይለቅምና። ከዚያ በኋላ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታሽ፤ ልጁ ተቅማጥ ይዞት እንደ ሆነ ይፍላ። ሳሙናው ጨርሶ እስኪወጣ ይለቅለቅ፤ የቀረ ሳሙናና በረኪና ቆዳ ያቃጥላል። ማለስለሻ የሚባለው ሽቶ ያለው ፈሳሽ አይጨመርበት፤ ጨርቁ ውኃ እንዳይመጥ ያደርገዋል። በፀሐይ ተሰጥቶ ፈጽሞ ሳይደርቅ አይታጠፍ። እንዲህ የተያዘ ጨርቅ ከበኵሩ ወደ ታናሹ፣ ከታናሹም ወደ ጎረቤት ልጅ ይደርሳል፤ በመጨረሻም ሲሳሳና ሲበጣጠስ መስኮት መወልወያ ይሆናል።